የላሚያ ሦስት ቆርኪ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር አየለ
ጎባ

አባዬ፣

ብርዱ እንዴት አደረገህ? ጥቅምት ሲገባ ጉልበትህን እንደሚያምህ ስለማውቅ መጀመሪያ እሱን ልጠይቅህ። ከዚያ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። አልታመምኩም፣ አልተራብኩም፣ ማንም አልመታኝም። ግን ደህና አይደለሁም። ይህን ደግሞ ለሌላ ሰው መጻፍ አልቻልኩም። ካኮረፍከኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ፤ ቢያንስ አታቋርጠኝም።

በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ በእማዬ ስልክ ነው የምልክልህ። ፊደሉ ካነሰብህ በሁለት ጣትህ ታሰፋዋለህ፤ እማዬ ታሳይሃለች። ቀይ እስክሪብቶህን አትፈልግ፣ ስልክ ላይ አይጽፍም።

ስለ ሥራዬ እማዬ ምን ያህል እንደነገረችህ አላውቅም። የማስተምርበት ማዕከል ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው፤ የውጭ ረጂዎች ናቸው የሚደግፉት። ኃላፊው አቶ ሀብተወልድ ይባላል። ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው የአገራችን ሰው ነው። እኔም «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ለአንተ ስጽፍ ግን አልለውም። ተማሪዎቼ አሥራ አራት ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ባሎቻቸው ኢስሊ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ወይም ሞያሌና ናይሮቢ እየተመላለሱ የሚነግዱ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ። የሚፈልጉት ብዙ ነገር አይደለም። ክሊኒክ ገብተው የልጃቸውን ሕመም በራሳቸው አፍ መናገር ይፈልጋሉ። የወላጆች ስብሰባ ላይ የሰባት ዓመት ልጃቸው እያስተረጎመላቸው መቀመጥ ሰልችቷቸዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብታይ ደስ ይልህ ነበር። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። «ከኔ በኋላ በሉ» ስላቸው መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ይላሉ፤ አንዷን ለይቼ «አንቺስ?» ስላት ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ መሬት ታያለች። ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ ከጠየቅሁ በኋላ እስከ ሰባት እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። ሰባት ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም ክፍል ፊት ቆሞ ያልጠበቀ ሰው አያውቀውም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ወይም አታውቀውም፣ ጠብቀህ ስለማታውቅ። ይቅርታ። እጄ ለምዶበት ነው።

በኋላ እንደገባኝ ሁሉም የሚጠብቁት እማማ ዛራን ነበር። እማማ ዛራ ከክፍሉ ትልቋ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል፤ ኢስሊ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል፤ በስዋሂሊ ከተከራከሩ ማንም አይችላቸውም። በእንግሊዝኛ ግን ከተሳሳቱ የሚሳሳቱት ልጆቻቸው ከሚሆኑ ሴቶች ፊት ነው። ስለዚህ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ደግሞ ቀድማቸው አፏን የምትከፍት ሴት የለችም። ከጎናቸው ምራታቸው ላሚያ ትቀመጣለች፤ የልጃቸው የሂሻም ሚስት፣ ሃያ አንድ ዓመቷ። ቦርሳቸውን ትይዝላቸዋለች፣ ደብተራቸውን ትገልጥላቸዋለች፣ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን ትደግፋለች። ከሁሉም ደካማዋ እሷ ነበረች። መዝገቤ ላይ እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት፦ «በጣም ደካማ። ልዩ ክትትል ያስፈልጋታል።»

ሐምሌ ላይ ወንበሮቹን ከረድፍ አውጥቼ ክብ አደረግኳቸው። ከታች ሶዳ የሚሸጠውን ሰውዬ ቆርኪ ለመንኩት፣ ፌስታል ሙሉ ሰጠኝ። ለእያንዳንዷ ሦስት ሦስት ቆርኪ አደልኩ። አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ስትናገሪ፣ ትክክልም ይሁን ስህተት፣ አንዱን መሀል ላይ ትጥያለሽ፤ ሦስቱ ሳያልቅ ወደ ቤት የለም።

«ቲቸር» አለችኝ ሰብሪና። ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ፣ ምላሷ የማይቻል ሴት ናት። «እኔ አራት ወልጃለሁ። ቆርኪ የምጫወተው ከማን ጋር ነው?»

«ከእማማ ዛራ ጋር።»

«ኧረ በአላህ! እማማ ዛራ ኢስሊ ያልበሉት ሰው የለም፤ ይሄንንም በልተውኝ ባዶ እጄን ልገባ?»

«አንቺን የበላ ሰው ሆዱን ያመዋል» አሉ እማማ ዛራ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው መጀመሪያ የተናገሩት ያን ቀን ነው፣ በአማርኛም ቢሆን።

ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው። አማትና ምራቷን ልለያይ ስል እማማ ዛራ እምቢ አሉ። «ካጠገቤ አታንሺብኝ። ምንም አታውቅም፣ እኔ አሳያታለሁ።» እንዳሉትም አደረጉ። «ዊንዶው» ይሉና መስኮቱን ያሳዩዋታል። «ዊዶ» ትላለች ላሚያ። «አይደለም ልጄ፣ ዊን! ዊን!» ይላሉ፣ ጉልበቷን መታ እያደረጉ። ከእሳቸው የባሰች ተማሪ ሲያገኙ አፋቸው ተፈታ። ነሐሴ ሲያልቅ ቆርኪያቸውን ከሁሉም ቀድመው ይጨርሱና «ጨምሪልኝ» ይሉኝ ጀመር። እሳቸው ሲናገሩ ሌሎቹም ተናገሩ። ክፍሉ ገበያ ሆነ፣ አባዬ። ከጎናችን ያለው ቢሮ ዘበኛውን ልኮ ዝም እንድንል ለመነን። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በእኔ ቆርኪ፣ በእኔ ክብ ወንበር፣ በእኔ ዘዴ ነው ብዬ። ላሚያ ሁልጊዜ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሦስቱን ቆርኪ አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፦ «የስ»፣ «የስ»፣ «ኖ»።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ትምህርት ካለቀ በኋላ እማማ ዛራ ቲማቲም ሊገዙ ቀድመው ወረዱ። ላሚያ የረሳችው ነገር እንዳለ አስመስላ ተመለሰች፣ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፣ ከአባያዋ ሥር አንድ የፕላስቲክ ማኅደር አወጣች።

«ቲቸር፣ ይህን አስቀምጪልኝ። ቤት ውስጥ መደበቂያ አጣሁለት።»

ይህን የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አምስት ዓመት ተምሬ በማልናገረው እንግሊዝኛ። ማኅደሩ ውስጥ የፎርም ፎር፣ የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቷ ነበር፤ ውጤቷ ቢ ፕላስ። ሞያሌ በኬንያ በኩል አክስቷ ቤት ሆና ነው የተማረችው። የሂሻም ታላቅ ወንድም ሚስት የተማረች ነበረች፤ ልጆቹን ይዛ ካናዳ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እማማ ዛራ ትምህርት የነካት ምራት ቤታቸው እንዳትገባ ብለው ነበር። የላሚያ አባት ደግሞ ልጄ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰችም ብሎ ማለላቸው።

ፓርክላንድስ ያለ የነርሶች ኮሌጅ ለጥር ተቀብሏታል። የሚቀረው ጥቅምት ውስጥ ራሷ ቀርባ በዋናው ሰርተፊኬት መመዝገብ ነው። «እንዴት አድርገሽ ከቤት ትወጫለሽ?» አልኳት። ያኔ ነው ሐሳቧን የነገረችኝ። ለምዝገባው አንድ ጠዋት ክሊኒክ ልሄድ ብላ ትወጣለች፤ እስከ ጥር ደግሞ ቀስ በቀስ ልትናገር ነው። በዚህ ወር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሚቀጥለው ሦስት፣ ታኅሣሥ ላይ ብዙ። ሁሉንም ከእማማ ዛራ እንደተማረችው አድርጋ።

«እማማ መማርን አይጠሉም» አለችኝ። «ሳያውቁት የተማረ ሰው ነው የሚፈሩት። በሳቸው እጅ ከተማርኩ ግን ራሳቸው ሂሻምን ይነግሩታል። ይህችን ልጅ ትምህርት ቤት አስገባት፣ እኔ ነኝ የከፈትኳት ይሉታል። ታያለሽ።»

ስትወጣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንድ ስህተት በጣቷ አጥፍታ ሄደች።

ማኅደሩን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ወር ያህል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህንን ልብ በልልኝ፤ ምስጢር መያዝ እችላለሁ።

ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ረጂዎቹ ሊጎበኙን መጡ። ሦስት ሰዎች ከሀብተወልድ ጋር ገብተው ከክቡ ውጭ ተቀመጡ። ሴቶቹ ደህና ጀመሩ። ሰብሪና ስለ አለቃዋ ተናግራ አሳቀቻቸው። ከዚያ ከእንግዶቹ አንዷ ወደ እማማ ዛራ ዞራ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ በደግነት ነው፣ ግን በፍጥነት፣ እኔ እንኳን ባልለመድኩት አነጋገር። እማማ ዛራ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። እስከ ሰባት ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ሴትዮዋ ጥያቄዋን ደገመችላቸው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለደንቆሮ እንደሚናገሩት። ሰብሪና ሳትቀር አንገቷን ደፋች።

ላሚያ የመጀመሪያውን ቆርኪ አስቀመጠች። «ማይ ማዘር» ብላ ጀመረች። እናቴ ልትነግርሽ የፈለገችው እንዲህ ነው አለች። ሁለተኛውን አስቀመጠች። እናቷ ጨርቅ ተሸክማ ድንበር እንዴት እንደተሻገረች፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገች፣ በማታውቀው አገር ሱቅ እንዴት እንደከፈተች ተናገረች። ሦስተኛውን አስቀመጠች። በየምሽቱ እራት ላይ እንግሊዝኛ የምታስተምረኝ እሷ ናት አለች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አማቷን ከሰው ፊት ከማፈር ለማዳን ነው የተናገረችው፤ ስትናገር እንኳን ሐሳቧን አልጣለችውም፣ ክብሩን ሁሉ ለእሳቸው ነው የሰጠችው።

የእማማ ዛራን ፊት ብታየው። ሁሉም ባይገባቸውም «ማይ ማዘር» ገብቷቸዋል። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው «የኔ ልጅ! የኔ ልጅ እኮ ናት!» ይላሉ። አምነዋታል፣ አባዬ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁሉም ነገር ይሆን ነበር።

ሀብተወልድ ተነስቶ አጨበጨበ። ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ፣ ለሴቶቹ ደግሞ በአማርኛ ተናገረ። «ይህች ልጅ ስትመጣ እርሳስ መያዝ አትችልም ነበር። ፊደል የማትለይ መሀይም ነበረች። በአራት ወር! የማዕከላችን ሥራ ይህን ይመስላል» አለ። አንዱ እንግዳ ፎቶ አነሳት።

መሀይም የሚለውን ቃል መዋጥ አቃተኝ። ብድግ አልኩና «ውሸት ነው!» አልኩ። «ይህች ልጅ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ታውቃለች። ፎርም ፎር ጨርሳለች። ቢ ፕላስ ነው ያመጣችው። ሰርተፊኬቷ ያውና፣ እዚያ ቁምሳጥን ውስጥ!» በሁለቱም ቋንቋ ነው ያልኩት፣ ማንም እንዳያመልጠው። በጣቴም አሳየሁ።

ላከብራት ነበር። እውነቱን ስናገር ሴቶቹ የሚያጨበጭቡላት መስሎኝ ነበር።

የእማማ ዛራ እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁ። ላሚያ እኔን አላየችኝም። ቆርኪዎቿን ነበር የምታየው።

ሐሙስ ዕለት እማማ ዛራ ብቻቸውን መጡ። ሴቶቹ ሲወጡ ቆዩ፤ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ናቸው።

«ተቀመጪ፣ ቲቸር» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ሁለት ዓመት አብራኝ በላች። ማታ ማታ ስፑን በይ እላታለሁ፣ እስኩን ትለኛለች። አንድ ቀን ስቄባት ስቄባት እንባዬ መጣ። እሷም አብራኝ ሳቀች። በማን ነበር የምትስቀው?»

«በእርስዎ አልነበረም፣ እማማ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። ወረቀቷንም የቆለፍሽላት አንቺ ነሽ።»

«ማክሰኞ የተናገረችውን ሰምተዋል እኮ። እርስዎ እንዳስተማሯት ነው ያለችው።»

«ሰምቻለሁ። ያን ያህል እንግሊዝኛ አስተምረሽኛል።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አምኜ ነበር። የኔ ነገር ገብቷት፣ በኔ ምላስ ተናገረች ብዬ አምኜ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል አልተማረችም ሲባል ዝም ማለት ያቃተሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ላሚያ የት ናት?»

«ሞያሌ። ሂሻም ትናንት በመኪናው አደረሳት። ያልተማረች ነበር የተሰጠን፤ የተማረችዋን ለአባቷ መለስን።»

«እማማ፣ ትወድዎታለች።»

«አውቃለሁ» አሉና ተነሱ። ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ልይዝ ስል «ተይ፣ ልጄ» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱ።

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ ገባኝ። እማማ ዛራን ያናገራቸው የእኔ ቆርኪ አይደለም። ላሚያ ሆን ብላ ከሳቸው በታች ስለተቀመጠችላቸው ነው የተናገሩት። እኔ መዝገብ ላይ «ደካማ» ብዬ የጻፍኳት ልጅ ናት ክፍሉን በሙሉ ያናገረችው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ትቼ ትንሽ ወጥቼ ነበር። አሁን የምጽፈው የሚከብደኝን ነው።

ሰኔ 2015 ጡረታ ስትወጣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተናገርኩትን ሁለታችንም እናስታውሳለን። ማይኩን የሰጡኝ እንዳመሰግንህ ነበር። «አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ከክፍሉ የሰው ድምፅ ሲወጣ አልሰማሁም» አልኩ። ሰው ሲስቅ ጊዜ ቀጠልኩ። የክፍል ጓደኛዬን ከሊድን ጠቀስኩ። ከሊድ ከኛ ጋር አራት ዓመት ሙሉ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቀው ተመረቀ አልኩ። ከሊድ እዚያው ነበር፣ ከሚስቱ ጋር። አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ዛሬም አልሰርዘውም፤ ክፍልህ ውስጥ ፈርቼ ነው ያደግሁት፣ ልጅህ ሆኜም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚታየኝ የከሊድ አንገት ነው። ያልጠየቅከው ስለ ከሊድ አንተ የምታውቀው፣ እኔ የማላውቀው ነገር ኖሮ ነው ወይ? ባትነግረኝም ይገባኛል። ምስጢሩ የእሱ ከሆነ እንዳትነግረኝ። እኔ ግን ከመናገሬ በፊት አንተንም አልጠየቅኩህም፣ ከሊድንም አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ዓርብ ሀብተወልድ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀት አዘጋጅቷል። ላሚያ ስትመጣ ፊደል እንደማታውቅ፣ እኔ ከምንም ተነስቼ እንዳስተማርኳት፣ በጉብኝቱ ቀን የተናገርኩት በስሜት የተሳሳትኩት እንደሆነ ይላል። ከሥር ስሜ ተጽፏል። የሚቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው።

«ፈርሚው፣ ሉሊት፣ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። «እንግዶቹ ግራ ገብቷቸዋል። እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ እማማ ዛራ ቤት እገባለሁ። አስተማሪዋ ተሳስታ ነው እንላቸዋለን። ልጅቱ ቤቷ ትመለሳለች፣ አንቺም ሥራሽን ትቀጥያለሽ።»

«ሰርተፊኬቱስ?»

«እሱን ለኔ ትሰጪኛለሽ።»

«እኔ ጋ የለም» አልኩ፤ በጉብኝቱ ማታ ከቁምሳጥኑ አውጥቼ ቤቴ ወስጄዋለሁ።

ሳቀ። «የሥራ ፐርሚትሽ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ አይደል? የማሳደሻውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። እስከ ረቡዕ ጠዋት አስቢበት። ጎበዝ አስተማሪ ነሽ እኮ፣ ምላስሽ ነው ችግሩ።»

ውሸቱን ከሰው ፊት ያመጣው እሱ ነው። ፎቶ ያስነሳት እሱ ነው። ሴቶቹን ዛሬ እንዴት ናችሁ ብሎ ጠይቋቸው የማያውቅ ሰው፣ ችግሩ የኔ ምላስ ነው ይለኛል! ወረቀቱን ፊቱ ላይ ቀድጄ ልወጣ ነበር። አልቀደድኩትም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ምክንያቱም ላሚያ ትመለሳለች የሚለው ነገር ያዘኝ። የሱ ውሸት የላሚያን ሐሳብ ይመስላል። አንድ ፊርማ ነው። ቅዳሜን ሙሉ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እንደገና ሳልጠይቃት ልናገርላት መሆኔ ታወቀኝ። ሰብሪና ሞያሌ ሰው አላት፤ በስንት ልመና የላሚያ እህት ስልክ ተገኘ። እሑድ በስልክ አገኘኋት። ስለ ወረቀቱ ነገርኳትና «ልፈርም?» አልኳት።

እስከ ሰባት መቁጠሬን ትቼ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማማ ሞኝ አይደሉም፣ ቲቸር» አለችኝ በመጨረሻ፣ በአማርኛ። «ሽማግሌ አክብረው እሺ ይላሉ። ይመልሱኛል። እሺ፣ ተመለስኩ። እራት ላይ ስፑን በይ የሚለኝ ማነው?»

«ኮሌጁስ?» አልኳት።

«ነገ ነው የሚዘጋው። እኔ ያለሁት ሞያሌ ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ላሚያ።»

«አዎ» አለች። ይህንኑ ብቻ። አላጸናናችኝም፣ አልሰደበችኝም። ከበስተኋላዋ ሰው ሲጠራት ይሰማኛል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ሌላ ባል እያፈላለገልኝ ነው፤ ከጥር አያልፍም ይላሉ። አትፈርሚ። ወረቀቴን ብቻ አምጪልኝ። በሰው እንዳትልኪ፣ ይከፍቱታል። አንቺ ራስሽ በእጄ ስጪኝ። ስንገናኝ ምንም እንዳትናገሪ።»

ትናንት ምዝገባው ተዘጋ። ሁለት ሰዓት ኮሌጁ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ማኅደሩን ይዤ፤ ያለ እሷ እንደማይቀበሉኝ እያወቅሁ። ዘበኛው «ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለኝ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ይህን ስጽፍልህ ጀግንነት አይሰማኝም፤ ባልፈርምም የሚድን ነገር የለም። ሀብተወልድ ከወዲሁ ክፍሌን ለሌላ አስተማሪ ሰጥቶታል። ሰብሪና እንደነገረችኝ ወንበሮቹ ወደ ረድፍ ተመልሰዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የእማማ ዛራ ቦታ ባዶ ነው። «እኔ እንኳን ዝም ብያለሁ፣ አስቢው» አለችኝ። አሥራ ሦስት ሴቶች አፍ ፈትተው ነበር፤ አሁን ልጃቸው ሊያስተረጉምላቸው ነው። ሌሎች ያለቀስኩባቸውን ነገሮች አልጽፍልህም።

ሐሙስ ከኢስሊ በሚነሳው አውቶቡስ ሞያሌ እሄዳለሁ። ሰርተፊኬቱን በእጇ እሰጣታለሁ። ምን ታደርገዋለች? ሙሽራ ሆና የምትሄድበት ቤት ውስጥ የት ትደብቀዋለች? አላውቅም፣ አልጠይቃትም። ምንም አልናገርም። ያን ያህል እንድችል ጸልይልኝ፤ ሌላው ጸሎት ዘግይቷል።

ወደ ናይሮቢ መመለሻ ወረቀት አይኖረኝም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ አቢግያ፣ ዕቃዬን ታስቀምጥልኛለች፤ ብዙ አይደለም።

እማዬን ሳምልኝ። ያላችሁበትን ቤት እግዚአብሔር በደህና ያቆይልኝ፤ ለአንተም የሚያሳርፍ እንቅልፍ ይስጥህ፣ ከእኔ የተሻለ።

ዓርብና ቅዳሜ ሞያሌ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደምሄድ አልወሰንኩም። በነገሌ አድርጎ ወደናንተ በኩል የሚሄደው መኪና እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ብለውኛል። የዚህኛው ስልኬ መስመር ድንበሩ ላይ እስከ ቅዳሜ ማታ ይሠራል።

ልጅህ
ሉሊት